ደብረ ብርሃን ውስጥ ሁዳዴን የተመገብሁበት ቤት

የ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ገብቶ ሚያዝያ 12 ቀን በትንሣኤ በዓል እስኪፈታ ድረስ ከነበሩት 55 ቀናት ውስጥ በሃያ ስድስቱ የጾም ምግቤን የበላሁት ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ አነስተኛ ምግብ ቤት ነው። አስተያየቴን ጾሙ እስኪፈታ ያዘገየሁት አውቄ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የዋለ ሰው የቀረበለትን ሁሉ ማመስገኑ ስለማይቀር፣ ጠግቤ ተቀምጬ መመዘን ፈልጌአለሁ። ቤቱ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ያስኬዳል። በሩ ላይ ሰሌዳ አልተሰቀለም፣ የንግድ ስሙንም ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም። የሰፈሩ ሰው «የእማማ ቤት» ይለዋል፤ ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ የጅሩ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ እኔም በዚሁ መጠሪያ እቀጥላለሁ።

ስለ ምግቡ ከመናገሬ በፊት ስለ ሰዓቱ መናገር ይኖርብኛል። በሁዳዴ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው የሚጠናቀቀው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በመሆኑ፣ እማማ ከዚያ በፊት ምድጃቸውን ያነዳሉ እንጂ ማዕድ አያቀርቡም። ቅዳሜና እሑድ ግን ከጥሉላት መከልከሉ እንዳለ ሆኖ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ስለሌለ፣ ቤቱ ከረፋዱ ጀምሮ ክፍት ነው። በሥራ ቀን በስድስት ሰዓት የመጣ ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ያዘለች እናት ካለች ያለውን አሙቀው ያቀርባሉ፤ በዚያ ሰዓት ለምን እንደመጡ ሲጠይቋቸው አንድም ቀን አልሰማሁም። ብዙ ምግብ ቤቶች «የጾም» የሚል ጽሑፍ ለጥፈው ጾምን የምግብ ዓይነት ብቻ ሲያደርጉት፣ እዚህ ግን ጾም በመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ አልተረሳም።

ከተቀመጠ ሰው ፊት ቀድሞ የሚደርሰው እንጀራ አይደለም። በትንሽ ኩባያ ትኩስ የገብስና የአጃ አጥሚት ይመጣል፤ ቅቤ የለበትም፣ ጥቂት ጨውና ዝንጅብል ብቻ ገብቶበታል። ከዚህ ቤት አንድ ነገር ብቻ እንዳመሰግን ብጠየቅ የምመርጠው ይህን አጥሚት ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ባዶ የሆነን ሆድ በቀጥታ በበርበሬና በዘይት መቀበል ቃርና ቁርጠት እንደሚያስከትል ብዙ ጿሚ በራሱ ላይ አይቶታል፤ ለስለስ ያለና ሞቅ ያለ ነገር ሲቀድም ግን ሆድ ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ሰውም በራብ ተገፋፍቶ ከመጠን በላይ አይጎርስም። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠ በመሆኑ፣ በመጋቢት እንኳ ከሰዓት በኋላ የሚነፍሰው ነፋስ ቅዳሴ ቆሞ ለወጣ ሰው ቀላል አይደለም። ገብሱ ከዙሪያው ከባሶና ወራና የሚመጣ ነው። ገብስ ኮሌስትሮልን ለመቀነስ የሚረዳ፣ በውኃ የሚሟሟ የአሰር ዓይነት በብዛት ስላለው፣ ለደጋው ሰው በረከት የሆነው በሙቀቱ ብቻ አይደለም።

ከአጥሚቱ ቀጥሎ ከቀይ ጤፍና ከጥቂት ገብስ የተጋገረ እንጀራ ላይ በያይነቱ ይቀርባል፤ ምስር ወጥ፣ የአተር ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ ስልጆና አዚፋ የዘወትር ናቸው፣ የተልባና የሱፍ ፍትፍት ደግሞ በየተራ ይጨመራሉ። እዚህ ላይ ስለ ክኩ አበሳሰል መመስከር እፈልጋለሁ። በባሕር ወለል ደረጃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውኃ በዚህ ከተማ ከፍታ በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ጥራጥሬ የሚበስለው በዝግታ ነው፤ ያልተዘፈዘፈ እህል በጥድፊያ ሲቀቀል ከላይ ፈርሶ ከውስጥ ይጠጥራል፣ የበላውም ሰው ሆዱ ተነፍቶ ያድራል። እማማ ክካቸውን ማታ ዘፍዝፈው ያሳድራሉ፣ ጠዋት ውኃውን ደፍተው በአዲስ ውኃ ይጥዱታል፣ ጨውን የሚጨምሩትም እህሉ ከለሰለሰ በኋላ ነው። ይህ ልማድ ለሆድ ከማቅለሉም በላይ፣ በጥራጥሬ ውስጥ ያለውንና ብረትንና ዚንክን ይዞ ከሰውነት እንዳይዋሃዱ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ይቀንሳል፤ የእንጀራ ሊጥም በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ የሚሆነው ይኸው ነው። በሃያ ስድስት ቀን ውስጥ ጠጣር ክክ ጥርሴ ላይ የገባው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን በእርግጠኝነት እናገራለሁ።

ሽሮው ላይ ግን ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለምና። ጅሩና አካባቢው በሰንጋው እንደታወቀ ሁሉ፣ በመረሬ አፈሩ ላይ ስንዴ፣ ምስርና ጓያ የሚያበቅል አገር ነው። ጓያ ውኃ የተኛበትንም ሆነ ዝናብ የራቀውን መሬት ስለሚችል በክፉ ዘመን ሌላው ሰብል ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል፤ ዋጋውም ከሽንብራና ከአተር የረከሰ በመሆኑ ከሽሮ እህል ጋር ሲደባለቅ ኖሯል። ነገር ግን ነርቭን የሚጎዳ መርዝ በውስጡ ስላለ፣ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ያደርቃል፣ የደረቀውም እግር አይመለስም። በመጀመሪያው ሳምንት «እማማ፣ ይህ ሽሮ ከምን ከምን ተዘጋጀ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሽንብራና አተር ነው ልጄ፣ ባቄላም ጥቂት አለበት። ጓያ እንደሆነ ከደጄ አይገባም። አጎቴ በሁለት ዘንግ ሲሄድ እያየሁ ነው ያደግሁት» አሉኝ።

ከዚያም የቤቱን ጓዳ ከፍተው ገና ያልተፈጨውን እህል በእጄ እንድዘግን አደረጉኝ። ማንም ባለ ምግብ ቤት እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። ጓያ ተዘፍዝፎ ውኃው ሲደፋና ከሌላ እህል ጋር በጥቂቱ ሲሆን ጉዳቱ እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ አንድ ቀን የቀመሰውም ሰው ሊሰጋ አይገባም። ሆኖም በጾም ወራት ድኻው ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ሽሮ ሊበላ ይችላል፣ 55 ቀን ደግሞ አጭር ጊዜ አይደለም፤ ስለዚህ ሽሮ የሚሸጥ ሁሉ በውስጡ ያለውን የመናገር ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ። የእማማ ሽሮ በቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ በመዓዛው የጥቁር አዝሙድና የበሶብላ፣ በአፍ ውስጥም የሽንብራው ጣፋጭነት ቀድሞ የሚሰማ ነው።

ስለ ስልጆው ጥቂት ልበል። የባቄላ ዱቄት ከሱፍ ውኃ ጋር ገንፎ መስሎ በስሎ፣ በሰናፍጭ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጤና አዳም ተዋዝቶ ለቀናት ሲቦካ የሚገኘው ይህ ምግብ፣ በየከተማው ምግብ ቤት እየጠፋ ነው፤ ቀናትን መጠበቅ ስለሚጠይቅ ይመስለኛል። እዚህ ሲበስል ኮምጠጥ ያለና አፍንጫን የሚከፍት ነው። በመጻጉዕ ሳምንት አንድ ቀን ሳይበስል ቀርቦልኝ የጥሬ ባቄላ ሽታ ነበረበት፤ ስናገር ወዲያው አነሱት፣ ለሦስት ቀንም ስልጆ አልቀረበም።

ሌላ ቦታ ያጋጠመኝን ሳልናገር ይህን ቤት በሚገባ መመዘን አይቻልም። በቅድስት ሳምንት ከእንግዶች ጋር ወደ አንድ ትልቅ ሆቴል ሄጄ ነበር። የጾም ምግብ ዝርዝሩ ረጅምና በሥዕል ያጌጠ ነበር፤ የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር፣ የጾም አይብ የሚሉ ነገሮች ተደርድረውበታል። የቀረበልን ሽሮ ግን የቅቤ ሽታ ነበረው፤ አስተናጋጁን ብንጠይቀው ድስቱ ለሌላ ወጥ አገልግሎ መታጠቡን ነገረን፣ ቆይቶም ቅመሙ የተነጠረ ቅቤ በነካው ማንኪያ ሊወጣ እንደሚችል አመነ። እንግዶቼ ከጠዋት ጀምሮ ሳይቀምሱ የቆዩ ሰዎች ነበሩ። ጿሚ ሰው የሚበላውን የሚያገኘው በሻጩ እምነት ተደግፎ ነው፣ ወደ ወጥ ቤት ገብቶ ድስት አያገላብጥምና፤ ያ እምነት ሲጎድል ያዘንሁት ለገንዘቡ አልነበረም። ጾም የፍስኩን ምግብ በሌላ ስም መልሶ ለማምጣት የሚደረግ ድካም መሆኑም ይከብደኛል። እማማ ቤት ሥጋን የሚመስል ምንም ነገር የለም። ለጾም ማብሰያ የተለዩት ድስቶች በዓመት ውስጥ ቅቤ አይነካቸውም፤ በፍስክ ወራትም ረቡዕና ዓርብ የሚያገለግሉት እነዚሁ ናቸው።

የጾማችን ትርጉም ከማዕዱ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ በዚህ ቤት ብዙ አስቤአለሁ። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲያስተምር፣ ፈቃደ ሥጋ ለነፍስ እንዲታዘዝ መሆኑን ያስገነዝባል፤ ስለዚህ ከዕፅዋት የሚገኝ ምግብ በራሱ ጾም አይሆንም፣ በልክ ሲወሰድና ከጸሎት ጋር ሲሆን ነው እንጂ። ነቢዩ ዳንኤልና ባልንጀሮቹ በባቢሎን ቤተ መንግሥት ከንጉሡ ማዕድ ይልቅ ጥራጥሬና ውኃ እንዲሰጣቸው ለምነው፣ ከአሥር ቀን በኋላ ፊታቸው አምሮ ሥጋቸውም ወፍሮ መገኘቱን መጽሐፉ በምዕራፍ 1 ይነግረናል፤ በምዕራፍ 10 ደግሞ ዳንኤል ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥጋና ከወይን ጠጅ ተከልክሎ አዝኗል። «የዳንኤል ጾም» ብለው ሃያ አንድ ቀን በአትክልትና በጥራጥሬ የሚጾሙ የፕሮቴስታንት ምእመናን መነሻቸው ይህ ቃል ነው፤ ከእነርሱም አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ጥር ላይ በእማማ ቤት እንደተመገበና ዘይቱን እንዲቀንሱለት ጠይቆ እንደተቀበሉት አጫውቶኛል። ሁለታችንም አንድ ድስት መጋራታችን ደስ አሰኝቶኛል።

በዚህ ላይ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ መሆኑን ይናገራል። እማማ በየቀኑ ከመጀመሪያው ምጣድ የሚወጣውን እንጀራ ለቆሎ ተማሪዎች ይለያሉ፤ ልጆቹ ከጓሮው በር ይመጣሉ፣ ለእነርሱም የሚሰጠው ለእኛ የሚቀርበው ወጥ እንጂ የተረፈ ፍርፋሪ አይደለም። ተመጋቢው እንዲያይ ተብሎ የሚደረግ ባለመሆኑ እኔም ያወቅሁት በአራተኛው ሳምንት፣ እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ በወጣሁ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ከቁርሴ የተረፈውን ገንዘብ በዚያ ማዕድ ላይ መጨመር ጀመርሁ።

ስለ ሥጋ ጤንነት የምናገረው በራሴ ላይ ካየሁትና በሚገባ ከታወቀው አልፌ አይደለም። እንጀራ ብቻውን ያልያዘውን ሽሮና ምስር ይሞላሉ፤ እህል በአንዱ የፕሮቲን ክፍል ሲደኸይ ጥራጥሬ በዚያው ይበለጽጋልና፣ አያቶቻችን ሁለቱን በአንድ ትሪ ማቅረባቸው ሰውነትን የሚጠግን ነው። ተልባ ለልብ የሚበጀውን የስብ ዓይነት ይሰጣል። በዕፅዋት ውስጥ የማይገኘው ግን ቪታሚን ቢ12 ነው፤ ጤነኛ ሰው በጉበቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ስንቅ ስለሚይዝና ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም አይጎዳም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን ሌላ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንም ሸክሙን አታከብድባቸውም። የስኳር ሕመም ኖሮበት መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲቆይ የደሙ ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል፣ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ሳይመክር እንዳይጀምር እለምናለሁ። እኔ በበኩሌ በሆሣዕና ሳምንት ቀበቶዬን ወደ ውስጥ አንድ ቀዳዳ አጥብቄአለሁ፣ ማታ ማታ ይዞኝ የነበረው ቃርም ለቆኛል፤ ይህ የመጣው ከምግቡ ይሁን በልክ ከመብላቴ መለየት ግን አልችልም።

ቤቱ ጉድለት የለውም አልልም። ጎመኑ ከሚገባው በላይ ይበስላል፣ ዘይቱም ይበዛበታል። የኑግ ዘይት ነው፣ ከመጭመቂያ ቤት በቀጥታ የሚመጣ ንጹሕ ዘይት ነው፤ ሆኖም ከእንጀራው ሥር ኩሬ ሠርቶ ሲቀር አላስፈላጊ ነው፣ ውድም ነው። ምስር ወጡ በአንዳንድ ቀን ጨው ይበዛበታል፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው አስቀድሞ ቢናገር ይሻላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ፣ ሰባት ጠረጴዛ ባለው ቤት እስከ ግማሽ ሰዓት ቆሞ መጠበቅ አለ፤ ለአረጋውያን ቅድሚያ መስጠታቸው መልካም ሆኖ፣ በረንዳው ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ቢጨመር ብዙ ችግር ይቀል ነበር። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ቡናው ነው። ምግቡ ሳይነሳ ቡና ይቀዳል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ በጤፍና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በሚገባ እንዳያገኘው ያደርጋሉ፤ ሥጋ በማይበላበት ወቅት ይህ ለሴቶች በተለይ ትልቅ ነገር ነው። ሎሚ ወይም ቲማቲም በተቃራኒው ብረቱን ያግዛሉ፤ ከአዚፋው በቀር በትሪው ላይ ሎሚ አላየሁም።

ዋጋው ለአንድ ሰው በያይነቱ ከአጥሚቱ ጋር 150 ብር ነበር፤ በጥሬ ገንዘብም በቴሌብርም ይቀበላሉ፣ እንጀራ ቢጨመር አይቆጠርም። ለጸሎተ ሐሙስ ባቄላና ስንዴ አንድ ላይ ቀቅለው ያዘጋጁትን ጉልባን ያለ ዋጋ አደሉ፣ በማግሥቱ በስቅለት ቤቱ ተዘግቶ ዋለ። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ተመልሼ ስለ ቡናውና ስለ ሎሚው የተሰማኝን ነገርኋቸው። እማማ ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት ማራቅ እንደሚከብዳቸው፣ ሰው ቡናውን ሳይጠጣ እንደማይነሣ፣ ወንበሩም ለሌላ እንደሚፈለግ ገለጹልኝ። ሎሚውን ግን ተቀበሉ፤ ከጣርማ በር ወደ ቆላው ወርዶ በየሳምንቱ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመጣላቸው ነጋዴ እንዳለ ነግረውኝ፣ ለጾመ ሐዋርያት ሎሚም እንዲጭንላቸው በዚያው ዕለት ስልክ ደወሉለት።